ከማማው የራቀው አልጋ

ባለፈው እሑድ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ተሰብስበን ነበር። ጣሪያችን ላይ የስልክ ማማ ሊተከል መሆኑ ተሰምቶ አንዱ ስለ ጨረር፣ ሌላው ስለ ሕግ ይከራከራል። እኔ ግን ልቤ ጥሎኝ አሰብ ሄደ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ልጃገረድ ነበርኩ፤ የምኖረውም ከእህቴ ከአልማዝና የወደብ ሠራተኛ ከነበረው ባሏ ከጋሽ ተፈራ ጋር ነው። አልማዝ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ሦስተኛ ፅንሷን ይዛለች። ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚስቅ እንኳ አልነበረም፤ ሁላችንም ያቺን ሆድ እንጠብቃለን።

አሰብ በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ አይተኛም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢው ውኃ ይረጫል፣ የገመድ አልጋዎች ይወጣሉ፣ ከየአጥሩ የሚጠበስ ዓሣ ይሸታል። ያንን ሰዓት እንዴት እወደው ነበር!

ታዲያ ከጀርባችን ያለውን ቤት የተከራየ የጭነት ድርጅት ከመኪኖቹ ጋር የሚነጋገርበትን የሬዲዮ ማማ አጥራችን ሥር ተከለ። አልማዝ አየችውና ጨረሩን ፈርታ ሆዷን ያዘች። ጋሽ ተፈራ ማዘጋጃ ቤት ሄደ።

«ወንድሜ፣ ደንቡ ስለ አጥር እንጂ ስለ ማማ የሚለው ነገር የለም» አለው ሠራተኛው። «ጉዳት ሲደርስ ያመልክቱ።»

«ጉዳቱ ልጄ ቢሆንስ?»

ሰውየው ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። ሐኪም ቤትም ጠየቅን፤ ነርሷ እንደማታውቅ በግልጽ ነገረችን።

አልማዝ አልጋዋን ወደ ቤት አስገባች። በዚያ ሙቀት መስኮት ዘግታ ትተኛለች፤ እኔ በካርቶን አራግብላታለሁ። እህል አልወርድ አላት፣ ፊቷ ገረጣ። ከማማው ይልቅ ፍርሃቱ እንዳይገድላት ሠጋሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱት ጎረቤታችን አባባ ሰይድ መዶሻ ይዘው መጡ። ግቢያቸው ከእኛ ግቢ በሌላኛው ጎን ስለሆነ ከማማው ይርቃል።

«ተፈራ ልጄ፣ ይቺን የጋራ ግንባችንን ልንካት?» አሉ። ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፈቱ። ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ በቀዳዳው ብቅ ብለው፣ «ሴቶቹ እኔ ዘንድ ይተኛሉ፤ ወንዶቹ እናንተ ግቢ» ብለው ደነገጉ።

ጋሽ ተፈራ ተሳቀቀ። «እርስዎስ ማማው ሥር ሲተኙ አይፈሩም?»

«እኔ ምን አረገዝኩና?» አሉ አባባ ሰይድ፣ የአልማዝን አልጋ አንስተው ራሳቸው ላይ እያደረጉ።

የዚያን ዕለት ምሽት አልማዝ ዓሣ አማረኝ አለች። ይዤላት ስመጣ ግን እንቅልፍ ወስዷታል። እትዬ ከድጃ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሳህኑን ተቀበሉኝ። ሁለታችን ዓሣውን በላነው፤ እኔ እያለቀስኩ ነው የበላሁት።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች። ዛሬ የራሷን ልጅ ታዝላለች።

ከስብሰባው ስመለስ ለአልማዝ ደወልኩና ማማው እውነት ይጎዳ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«እንጃ» አለችኝ። «አባባ ሰይድም አያውቁም ነበር። አልጋዬን ግን ተሸከሙልኝ።»