ከመሃል ደረት የወጣው ንፍፊት

ባለቤቴ ጎንደር ሳለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ካርቱም ከገባን በኋላ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት አንዷን ክፍል ለቆ፣ ዐረብኛ የሚቀናቸውን የስደተኛ ልጆች አማርኛ ማንበብ ያስተምር ጀመር። እኔ አገር ቤት የተማርኩት የላቦራቶሪ ሙያ በጀኝና መሃል ከተማ ባለ የግል ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። ከቀዶ ሕክምና የሚመጣውን የሰውነት ክፍል እቆርጣለሁ፣ ሰም ውስጥ አስቀምጬ በስሱ እልጣለሁ፣ ከዚያ መስታወት ላይ አድርጌ ለሐኪሙ አቀርባለሁ።

ባለቤቴን ሳሉ የጀመረው ወደ አገር የሚያስገባው የመተማ መንገድ በተከፈተ ሰሞን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ወራት ሙሉ ኪኒን ዋጠ። ደም ሲተፋ እንደገና ተመረመረና ቀኝ ሳንባው ላይ ካንሰር ተገኘ።

ቀዶ ሐኪሙ ረጋ ያለ ሱዳናዊ ነበር። ለብቻዬ አስቀምጦ፣ ዕጢውን ማውጣቱ እንደማያስቸግረው፣ የሚያሳስበው ዙሪያው ያሉት ንፍፊቶች፣ ካንሰሩ የሚዛመትባቸው ትንንሽ ፍሬዎች፣ መሆናቸውን ነገረኝ። ሳንባው ሥር ያሉት ብቻ ከተነኩ ተስፋ አለ። የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት በታች፣ መሃል ደረት ላይ ያለው ከተነካ ግን በሽታው ቀድሞታል ማለት ነው። ራጁም ሌላው ምስልም ያበጠ ነገር አላሳየም፤ እርግጡን የሚያውቀው አውጥቶ ሲያስመረምር ብቻ ነው።

በዚያ ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምና የወጣውን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ ነርሷ ዕጢው ያለበት አንድ ትልቅ ዕቃና አምስት ትንንሽ ጠርሙሶች ሰጠችኝ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ንፍፊቱ ከየት እንደወጣ ተጽፏል። በፌስታል አድርጌ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ የሚሄድ ሃፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ማቆያው መድኃኒት፣ ፎርማሊኑ፣ ሸቷቸው አፍንጫቸውን በልብሳቸው ጫፍ ሸፈኑ። ምን እንደያዝኩ አልጠየቁኝም።

አለቃዬ፣ «ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይሄን ተይው፣ ሌላ ሰው ይሥራው» አለኝ። እምቢ አልኩት። የማንንም ስቆርጥ የኖርኩ ሰው የባሌን ለማን እተዋለሁ?

አራቱ ንፍፊቶች ውስጣቸው ጥቁር ነበር። የከተማው አቧራና ሲጋራ የሚያጠቁረው ነው፤ ጥቁሩ አያስፈራም። አምስተኛውን፣ ከመሃል ደረት የወጣውን፣ ለሁለት ስከፍለው ቢላው ሥር አሸዋ የነካሁ ያህል ሻከረኝ። ውስጡ ነጭ ነበር፤ ካንሰር የገባበት እንዲህ ነው። የላቦራቶሪው ሐኪም በማጉያው አይቶ እስኪነግረኝ ሁለት ቀን ጠበቅኩ እንጂ፣ እኔስ እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ።

ባለቤቴ አልጋው ላይ ደገፍ ብሎ ነበር። ጎኑ ላይ ያለው ቱቦ ገና አልወጣም።

«ሐኪሙ ያስመረምራቸዋል የተባሉት ንፍፊቶችስ?» አለኝ።

«ንጹህ ናቸው» አልኩት።

ቀዶ ሐኪሙንም እንዳይነግረው ለመንኩት። እዚያ አገር ለበሽተኛው መደበቅ የተለመደ ስለሆነ አልተከራከረኝም። ከዚያ በኋላ የታዘዘለትን መርፌ «ለጥንቃቄ ነው» አልኩት። አመነኝ። ሙያዬ ነውና እንዴት አያምነኝ።

ጎንደር እናቱ አሉ። ካያቸው ሃያ ዓመት ሊሞላ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ልሂድ ልሂድ ሲል፣ ባዶ እጁን መግባቱ እያሳፈረው ቆይቶ ነበር። ከሆስፒታል እንደወጣ ወንድሙ ደብዳቤ ላከ፤ እናታችን አንተን አንተን ይላሉና ቶሎ ድረስ ይላል። ደብዳቤውን አንብቦ አጠፈው።

«አሁን ከስቼ ቢያዩኝ ይደነግጣሉ» አለ። «ንጹህ ነው ካልሽኝ ምን አስቸኮለኝ? ኢንሻላህ ሰውነቴ ሲመለስ እሄዳለሁ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ያን ሰሞን በእግሩ ገበያ ደርሶ ይመለስ ነበር፤ እስከ ገዳሪፍ፣ ከዚያም እስከ ድንበሩ በአውቶቡስ መሄድ አያቅተውም ነበር። እኔ ግን ሻይ አቀረብኩለት።

ሰውነቱ አልተመለሰም። መርፌው አደከመው፣ ከዚያ ጀርባውን ያመው ጀመር፣ ከዚያ ከአልጋ መነሣት አቃተው። ልጆቹ ለትምህርት ሲመጡ በር ላይ መመለስ የእኔ ሥራ ሆነ። አንድ ጠዋት እግሩን ሳጥበው፣ ቀስ ብሎ፣ ንፍፊቶቹ ምን እንደነበሩ ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ እውነቱን ነገርኩት። የትኛው እንደነበረ፣ በእጄ እንደቆረጥኩት፣ ሁሉንም።

«ያኔ ብትነግሪኝ እናቴን አይቼ እመጣ ነበር» አለ።

አልተቆጣም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ከዚያ በኋላ የሚያወራኝ ስለ ውሃና ስለ ትራስ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ካርቱም ቀበርነው። እናቱ ሞቱን ሳይሰሙ ብዙ ወራት ቆዩ፤ ወንድሙ «ይመጣል» እያለ ያጽናናቸው ነበር አሉ። እኔ ወደ ላቦራቶሪው ተመለስኩ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ከሳንባ የሚመጡ ጠርሙሶችን ግን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ አለቃዬም አይጠይቀኝም።