ጥግ የያዘ ውሃ

አብራኝ የምትኖረው የልጅ ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ውሃ ታስፈስሳለች፤ በቁጥር የተሠራ ውሃ። ሰሞኑን ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ፣ እኔን ትታ መሄዱ ከብዷታል። ትናንት፣ «እማማ፣ ግድግዳውን የነካው ውሃ ይቁም ወይስ ይንሸራተት? አስቀድሜ መምረጥ አለብኝ» አለችኝ። ለውሃ ምርጫ የሚመረጥለት ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ። ሐሳቤ ግን ቡሬ ገባ።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። በሕማማት ሰሞን በጭነት መኪና እስከ ቡሬ፣ ከዚያ በእግሬ፣ አቧራ ለብሼ ቤት ደረስኩ። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ላቀች፣ ከባሏ ተፋትታ መጥታለች። አባቴ በሰጧት ቁራሽ መሬት ላይ የበርበሬ ችግኝ አፍልታለች። በርበሬው ከያዘላት የራሷን ጎጆ ትቀልሳለች፤ ካልያዘላት እኛ ቤት ተጠግታ መቅረቷ ነው። ይህን መጠጋት እንደ ሞት ትፈራው ነበር።

ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ ግን ቦዩ ውስጥ ሲንፏቀቅ ውሎ ችግኙ ጋ ሲደርስ ክር ያክላል። አባቴ የቦዩን ዳር በጭቃ እንምረገው ይላሉ፤ ላቀች ሣሩን ማጨድ ይበቃል ትላለች። ተልባ ፍትፍት እየበላን አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ ትምህርትሽ ምን ይላል?»

መምህራችን ያለው ትዝ አለኝ። «ጥግ የያዘ ውሃ አይሄድም፤ የሚሄደው መሀለኛው ነው» አልኩ።

የአባቴ እጅ ገበታው ላይ ቀረ። ላቀች ትክ ብላ አየችኝ።

«ሰማሻት?» አሏት አባቴ።

«ሰማኋት» አለች፤ ተነሥታም ወጣች።

ግራ ገባኝ። ከሰዓት ቦዩ ላይ የጤፍ ገለባ በተንኩ። የመሀሉ ሄደ፤ የዳሩ ሣሩን ተደግፎ ቀረ። ታዲያ ይኼ ምኑ ያስቀይማል?

ፋሲካ ሳያልፍ ላቀች ጓዟን ሸክፋ ቡሬ ገባች። ችግኙ ደረቀ። አባቴ ክረምቱን ሙሉ አኮረፉኝ፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ላቀች ቡሬ ገበያ መሀል፣ ከእህል መደብሯ ደጃፍ አቅፋ ሳመችኝ። «ያን ቀን በቅኔ ባትነግሪኝ ወንድሜ ቤት ጥግ ተወሽቄ አረጅ ነበር» አለች። እኔ ስለ ውሃ ነበር የተናገርኩት። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼ መልሼ ዘጋሁት። ያልተቀኘሁት ቅኔ ሰው አኑሯል፤ እስከ ዛሬ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ አላውቅም።

የልጅ ልጄ መልስ ትጠብቃለች። እንድትሄድብኝ አልፈልግም።

«ስለ ውሃ ነው የምትጠይቂኝ?» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ።