የአስረኛ ክፍል ቅናት

ባለፈው ሰኞ መምህራችን የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከእኛ ጀምሮ እንደቀረ ሲነግሩን ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ፤ እኔን ግን ዴስኬ ላይ የተበተነው የእርሳስ ቅርፊት ሽታ እየጎተተ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ወደኖርንበት የቡራዩ ኪራይ ቤት ወሰደኝ።

ያኔ ታላቅ እህቴ ቲጂ አስረኛ ክፍል ነበረች፤ እኛ ቤት ደግሞ ተፈታኝ ማለት ንግሥት ማለት ነበር። የገፈርሳ ግድብ ውሃ እኛን አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ ጄሪካን የምጎትተው እኔ፣ ቅቅል እንቁላሉ የሷ፤ እማዬ «እሷ ፈተና አለባት» ካለች አለቀ። ቅናት አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ቶሎ አስረኛ ክፍል አድርሰኝ ብዬ የምጸልየውም ትምህርት ናፍቆኝ እንዳይመስላችሁ፣ ለእንቁላሉ ነው።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ፣ የጎማ ጭስ በመስኮት እየገባ ሲያስለን፣ ቲጂ አንድ የተቀዳደደ የጥያቄ መጽሐፍ ሰጠችኝ፤ እንግሊዝኛው ባይገባኝም ጮክ ብዬ እንዳነብላት፣ መልሱንም ከኋላ እያየሁ እንዳርማት ሾመችኝ። አከራያችን ኦቦ ገመቹ በደጃችን ሲያልፉ «አካም፣ ባርሲስቱ!» ይሉኛል፤ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። አንድ ቀን ታዲያ አጠገቤ ቁጭ ብላ እንቁላሏን እየላጠች በትክክል ስትመልስ፣ «ተሳስተሻል፣ ቢ ነው» አልኳት። እንዳልኳት በእርሳሷ ጻፈች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በማግስቱም ደገምኩት።

ውጤት ሲመጣ ቲጂ መሰናዶ የሚያስገባው ነጥብ ጎደላት። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ልብስ ስፌት ተማረች፤ እኔም እህቴን የጣልኳት እኔ ነኝ እያልኩ፣ ለማንም ሳልተነፍስ አደግሁ።

ሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ስፌት ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። የስፌት መኪናዋን አቁማ በሳቅ ፈረሰች።

«መልሱንማ መች አጣሁት፣ ሚጡ! መጽሐፉን እኮ ሁለቴ ጨርሼው ነበር። ደጅ የሚተኮሰውን እንዳትሰሚ ነው ጮክ ብለሽ አንብቢ ያልኩሽ።»

«ታዲያ ለምን ወደቅሽ?»

«ትምህርት ቤት ተዘግቶ ያልተማርነው ነዋ የመጣው! ከየት አባቴ ላምጣው?»

እፎይ ማለት ሲገባኝ፣ ጉድ እኮ ነው፣ እንደገና ቀናሁባት፤ ደግነቱንም ቀድማኝ ወስዳዋለች። ቀጥሎ ግን እኔ የፈተና ወረቀት ላይ አንዲት ክብ እንኳ ሳላጠቁር ወደምገባበት አስራ አንደኛ ክፍል እሷ ለአንድ ቀን እንኳ እንዳልገባች ትዝ አለኝ። ቲጂ የቆረጠችውን ጨርቅ እያጠፈች፣ ዓይኗን ከእጇ ሳታነሳ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«አስራ አንድ ስትገቢ የባዮሎጂውን መጽሐፍ ታሳይኛለሽ? ምን ምን እንዳለው ልየው ብዬ ነው።»