በጸሎት መሀል የተወሰነው ቦኖ

ስብሰባ እወዳለሁ ስል የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቁብኛል። እንጅባራ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ደግሞ በቀበሌያችን የተቋቋመ ኮሚቴ ሁሉ ጸሐፊ የሚያደርገው እኔን ነው። የመንገዱም፣ የወላጆችም፣ የውሃውም። ቃለ ጉባኤ መያዝ ለሌላው ሰው ቅጣት ነው፤ እኔ ግን ሰው ሲጨቃጨቅ ቁጭ ብዬ መስማት ደስ ይለኛል። የኛ አገር ስብሰባ ወግ አለው። አንድ ሽማግሌ ይነሣሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ዝናቡን በወቅቱ፣ ሰላሙን ለአገሩ ይለምናሉ፤ እኛም አሜን እንላለን። ሽማግሌው ሲቀመጡ ጭቅጭቁ ይጀመራል። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚጮኹት ራሳቸው መራቂው ናቸው።

ጴንጤዎችን ስተች ሰምቶ አማኝ ነህ ወይ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ አይደለሁም። ድሮ የምጾመው እናቴ እንዳታዝን ነበር፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ስለዚህ ጴንጤዎችን የምተቸው ለቤተ ክርስቲያን ተቆርቁሬ አይደለም። ልጅ ሳለሁ፣ እንጅባራ ገና ቆሰበር ስትባል፣ ከነሱ አንዱ ሲሞት፣ ቤተሰቡ መቀበሪያ ተነፍጎ ሬሳ ይዞ ሲንከራተት አይቻለሁ። የከለከሉት የኔ ወገኖች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። አሁን አዳራሻቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ይዘምሩ፣ ይስበኩ፣ መብታቸው ነው። የኔ ጠብ ከአዳራሹ ወጥቶ ቢሮ ከገባው ነገር ጋር ነው።

መጀመሪያ ልብ ያልሁት ዳንግላ ላይ ነው። ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ሥልጠና አለ ተብለን ለሦስት ቀን ተጠራን። አሠልጣኙ ማይኩን ይዞ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ድህነት ያለው ጭንቅላታችን ውስጥ ብቻ መሆኑን ነገረን። ቀጥሎም፣ «እስቲ አጠገባችሁ ላለው ሰው፣ ዘንድሮ የከፍታ ዓመትህ ነው በሉት» አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ከአዘና የመጣ የእንስሳት ባለሙያ ነበር፤ ዝውውር ጠይቆ የተከለከለው በዚያው ሳምንት ነው። ዞሬ የከፍታ ዓመቱ መሆኑን ነገርሁት።

«የከፍታውን ደብዳቤ ማን ይፈርምልኛል?» አለኝ።

እንደ ተማሪ አፋችንን ይዘን ሳቅን። ሳቁ ሲበርድልኝ ግን ተናደድሁ። መድረኩ የመንግሥት፣ ሻዩ የመንግሥት፣ ቃሉ የአዳራሹ! አንዲት ነርስ ተነሥታ ስለ መድኃኒት እጥረት ስትጠይቅ፣ «አሉታዊ ነገር አናውጅ» ብሎ አስቀመጣት። እሷ ያወጀችው ነገር አልነበረም፤ የጠየቀችው መድኃኒት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለቀበሌያችን አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተመደበ። ወጣት ነው፣ ጴንጤ ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ሹም አይተን አናውቅም። ጧት ቢሮው በሰዓቱ ክፍት ነው። ጉቦ አይነካም፣ አይጠጣም፣ ባለጉዳይን ነገ ተመለስ አይልም። እኔም ወደድሁት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ መተቸቱ በቀለለኝ።

በዚህ መሀል አንድ ረጂ ድርጅት ለመንደራችን ቦኖ ሊያወጣልን ተስማማ። አንድ ቦኖ ብቻ። ጥያቄው የት ይተከል ነው፤ ከላይ አስፋልቱ ዳር ወይስ ከታች ቁልቁለቱ ሥር? ከታች ከሚኖሩት አንዷ አክስቴ ናቸው፤ የእናቴ ታናሽ እህት። ባላቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። በሽተኛ ያለበት ቤት ምን ያህል ውሃ እንደሚፈጅ ያስታመመ ያውቀዋል፤ አንሶላው፣ ልብሱ፣ ገላው። አክስቴ ውሃውን የሚያመጡት ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ምንጭ ነው። ባለፈው ክረምት ጀሪካን አዝለው ሲወርዱ ጭቃው አንሸራቷቸው ጉልበታቸው ተጎድቷል። ቦኖው ከታች ቢተከል ደጃቸው ነው። ከላይ ከሆነ ያው ቁልቁለት፣ ያው ጭቃ ነው።

ስብሰባው በትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ውስጥ ተጠራ። ሽማግሌው ሊመርቁ ሲነሡ ሥራ አስኪያጁ በትሕትና፣ «ዛሬ ለኔ ይፍቀዱልኝ» አላቸው። ፈቀዱለት። ሁላችንም ተነሣን፣ ባርኔጣ ያለው አወለቀ፣ አንገታችንን ደፋን። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ ስለ አገር፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መኸሩ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ጌታ ሆይ፣ በአስፋልቱ ዳር ለሕዝብህ ውሃ ለማፍለቅ ስለወሰንህ እናመሰግንሃለን» አለ።

ዓይኔን ገለጥሁ። ገና አንድ ሰው አልተናገረም! ግን ጸሎት የሚያቋርጥ ሰው በኛ አገር አልተወለደም። ከታች የመጡትም አንገታቸውን እንደ ደፉ ናቸው። ሲጨርስ አሜን አልን፤ እኔም ከሁሉ ጋር አልሁ። «እንግዲህ ተግባብተናል» ብሎ ፈገግ አለ። ሰው ሁሉ ግራ እንደ ተጋባ ዱላውን እያነሣ ወጣ። እኔ ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍሁ። ለዚህ ማንንም አልወቅስም፤ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው።

በማግስቱ ለአክስቴ ልነግራቸው ወረድሁ። በስብሰባው ዕለት በሽተኛቸውን ጥለው መምጣት አልቻሉም ነበር። ውጤቱን ከነአኳኋኑ ስነግራቸው አንሶላ ያጥቡ ነበር፤ እጃቸውን ከውሃው አላወጡም።

«ከተጸለየበትማ ምን እላለሁ?» አሉ። «እግዜር ካለው ጋር ልሟገት?»

ደሜ ፈላ። አክስቴን የማያውቅ ይህን እጅ መስጠት አይረዳውም። በእርሻ ድንበር ሦስት ዓመት ተሟግተው የረቱ ሴት ናቸው፤ ዳኛውን ሳይቀር ያስለቀሱ። ሥራ አስኪያጁ በራሱ አፍ ከልክሏቸው ቢሆን ኖሮ በዚያው ሰዓት አቤቱታ ያስጽፉኝ ነበር። ከሹም ጋር ይሟገቷል፤ ከአምላክ ጋር ተማክሬ መጣሁ የሚልን ሹም ግን በየት በኩል ይይዙታል? እኔ ስለ ጴንጤዎች ጉዳይ ያለኝ ክርክር ይህ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህም አልተለወጠም።

ወደ ቢሮው ሄድሁ። አስቀመጠኝ፣ በሩን ዘጋ።

«መምህር፣ እርስዎ ሽማግሌው ሲመርቁ አሜን ይላሉ፣ እኔ ስጸልይ ያኮርፋሉ» አለኝ። «የኔ አምላክ ሌላ ነው?»

«ሽማግሌው ዝናብ ይለምናሉ፤ ቦኖው የት እንደሚተከል ግን ለኛ ይተውልናል። አንተ ቦታውን ጸሎቱ ውስጥ ከተትኸው። አሜን ያላለ ሰው አምላክን እምቢ ያለ ሆነ።»

«ሦስት ቀን ጾሜበታለሁ። ልቤ ሰላም ያገኘው በላይኛው ቦታ ነው።»

«ያንተን ልብ በምን ልለካው? የቤቱን ብዛት ብትለኝ እቆጥረዋለሁ፤ ቁልቁለቱን ብትለኝ በገመድ እለካልሃለሁ።»

«የታችኛዋ እናት አክስትዎ መሆናቸውን አውቃለሁ» አለ፤ በክፋት አልነበረም። ይህች ግን ነካችኝ። የዘመድ ጠበቃ መባል አልፈለግሁም። ቢሆንም ቅን ሰው ነውና፣ እንደገና ስብሰባ እጠራለሁ አለ። ጠራም።

በሁለተኛው ስብሰባ አክስቴ ባላቸውን ለጎረቤት ሰጥተው መጡ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬም ተነሥቶ፣ «እንጸልይ» አለ። ተነሣን። መሬቱን ባርኮ፣ ድርጅቱን ባርኮ፣ «አንተ በመረጥኸው በአስፋልቱ…» ሲል አንድ ድምፅ አቋረጠው።

«ቆይ ልጄ።»

አክስቴ ናቸው። አንድ አዛውንት በአገውኛ ምን እንዳሏቸው አልያዝሁትም፤ አክስቴ ግን በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

«እግዜር ቤቴን ያውቀዋል» አሉ። «አንተ ታውቀዋለህ? ወርደህ አይተኸዋል?»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ገለጠ። «አላየሁም፣ እናቴ» አለ። ውሸት አያውቅም፤ ይህን ሁልጊዜ እመሰክርለታለሁ። ከዚያም አሜን ሳይል ተቀመጠ።

ጭቅጭቁ ያን ጊዜ ተጀመረ። እንዴት ያለ ጭቅጭቅ! የላይኞቹ ትምህርት ቤቱ ከላይ መሆኑን ጠቀሱ፣ የታችኞቹ ሕመምተኛና እርጉዝ ቆጠሩ፣ አክስቴ ጉልበታቸውን ገልጠው አሳዩ። ደስ ብሎኝ እጄ እስኪደክም ጻፍሁ። በመጨረሻ እጅ ይውጣ ተባለ። ተነሥቼ ቆጠርሁ፤ እንዳልሳሳት ደግሜ ቆጠርሁ። የላይኞቹ በጥቂት እጅ በለጡ።

አክስቴን በር ላይ ደረስሁባቸው። ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ቀድመው ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው።

«አይዞህ» አሉኝ። «አሁን የከለከለኝ ሰው ነው። ሰው ደግሞ ነገም ይጠየቃል።»

ኮራሁባቸው። ከዳንግላ ጀምሮ ልናገረው የፈለግሁትን ነገር በሁለት ቃል ጨረሱት። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ክንዴን ያዙኝ።

«ካንተ ልጀምር» አሉ። «እጅ ሲወጣ ዙሪያውን አይቻለሁ። ያንተን አጣሁት።»

ጸሐፊ እጅ አያወጣም ልላቸው ነበር። እንዲህ የሚል ደንብ የለንም፤ እሳቸውም ያውቃሉ።