መርዶዬን ማን ይንገረኝ?

ከጉለሌ የወጣሁ ዕለት ማታ ታክሲው በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል፣ እኔ እህቴን ሊዲያን ቃል አስገባታለሁ።

«አባዬ አንድ ነገር ቢሆን እንዳትደብቂኝ! ራስሽ ንገሪኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ በቃ ግቢ!»

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ችግኝ ሲያፈላ የኖረ ሰው ነው። አፈር ባልለቀቀው እጁ ራሴን ዳብሶ መረቀኝና፣ ሲያለቅስ እንዳላየው ቶሎ ወደ ቤት ገባ።

ጀርመን ገባሁላችሁ። ብርዱን ተዉት፤ የሰፈራችን የቁስቋም ብርድ እዚህ ካለው ጋር ሲተያይ የእናት ጉያ ነው። ሰዉ ግን! ጎረቤት ሞቶ ጎረቤት አይሰማም። አከራዬ ፍራው ኬለር ውል ስታስፈርመኝ «ከሁለት በላይ እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ በጽሑፍ ይገለጽ» አለችኝ።

«ልቅሶ ቢመጣብኝስ?»

«እሱንም በጽሑፍ።»

«መቼ እንደሚመጣ በምን አውቄ?»

«ግምቱን ይጻፉ።» የምሯን እኮ ነው!

ሥራ ያገኘሁት፣ ሰው ከመሞቱ በፊት ኑዛዜውን የሚመዘግብ፣ ሲሞት ደግሞ ለቤተሰቡ መልእክት የሚልክ አፕ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። አስቡት፣ ስልካችሁ ጢን ሲል «አባትዎ አርፈዋል»!

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አልኳቸው። «እኛ ጋ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። ሰው ብቻውን አይሰማም።»

«እንግዲያው እንደዚያ አድርገሽ ሥሪው» አለኝ አለቃዬ። ሠራሁት። አሁን አፑ ለሐዘንተኛው ምንም አይልም፤ አጠገቡ ላለ ሰው ይነግርና «ብቻዎን አይሂዱ፤ ሰው ይዘው በማለዳ ያንኳኩ» ይለዋል።

አባዬ ሲታመም ሊዲያን በስልክ እየመራሁ አንድ ነገር ቢሆን እንድታስመዘግብበት አፑን አስጫንኳት። የራሴን የሐዘንተኛ ቅጽ ስሞላ «አጠገብዎ ያለ ሰው» የሚለው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሦስት ዓመት ኖሬ አንድ ስም የለኝም! ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሳይሞላ አላልፍ ሲለኝ የፍራው ኬለርን ስም ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ሊዲያ «አባዬ ተኝቷል» ማለት ጀመረች። አራት ቀን ሙሉ የሚተኛ ሰው አለ?

ዛሬ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ፍራው ኬለር ካፖርቷን ደርባ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ የፎቁ ጎረቤቶች ተደርድረዋል፤ ከነእሷ አምስት ናቸው። አልከፍትም! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሊዲያ ጋ ደወልኩ።

«አባዬን አገናኚኝ! ተኝቷል እንዳትዪኝ!»

በሩ እንደገና ሲንኳኳ ሊዲያም በስልኩ ሰማችው።

«ሰናይትዬ» አለችኝ፣ «መጀመሪያ በሩን ክፈቺላቸው።»