ሠርግ የጠበቀው ማኅደር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ የቀለም ቡሩሽ ነበር። የሰጡኝ እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ ወልድያ የሚገኝ የአንድ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ።

«ስካነሩን በኋላ ትነካዋለህ» አሉኝ። «መጀመሪያ አቧራውን አራግፍ። ወረቀት እንደ ሰው ነው አልልህም። ወረቀት ወረቀት ነው፤ ግን ይቀደዳል።»

የመጣሁት መርሳ ካለ ፎቶኮፒ ቤት ነው። ኮምፒውተር የተማርኩት እዚያው ነው፣ የተበላሸ እየፈታሁና አንዳንዴም ያልተበላሸ እያበላሸሁ። ዲፕሎማ ስላልነበረኝ በቅጥር ውሌ ላይ የሰፈረው መደብ «ጊዜያዊ የጽሕፈት ረዳት» ይላል። ሥራው ግን ሌላ ነበር። የኮሌጁን የድሮ መጽሔቶች፣ የመምህራኑን ጥናቶችና የተመራቂዎችን የምርምር ወረቀቶች በስካነር እያነሳሁ ዲጂታል ማኅደር ውስጥ ማስገባት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። የዛገውን የስቴፕለር ሽቦ በደነዘዘ ቢላ ማላቀቅ። ገጹን ሳይጨማደድ መስተዋቱ ላይ ማስተኛት። ያነሱትን ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት፣ ከዚያ በዓመቱ፣ በቅጹና በገጹ መሰየም። ከተጣመመ መድገም። አንድ የዶሮ እርባታ ጥናት ላይ ሽሮ ፈሶበት አግኝቼ በኮምፒውተር ላጥፋው ወይ ብዬ እትዬ አሰለፈችን ጠየቅኋቸው።

«ተወው» አሉ። «ቢያንስ አንድ ሰው እንዳነበበው ማስረጃችን እሱ ብቻ ነው።»

አንድ ከሰዓት ዲኑ ብቅ አሉ። በወጣትነታቸው በዚሁ ኮሌጅ ተምረው፣ በኋላ አስተምረው ነው ዲን የሆኑት። ከፊቴ የተዘረጋውን መጽሔት ሲያዩ ደነገጡ። ፎቶው ላይ ራሳቸው ዲኑ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ጎፈሬ አበጥረው፣ ከትከሻቸው የሰፋ ኮት ለብሰው ዶሮ ታቅፈው ቆመዋል። ከሥሩ ለዶሮዋ የጻፉት የስንብት ግጥም አለ።

«ይህች ገጽ ለምርምር ብዙም አትጠቅም» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ገጽ አሥራ ሁለት ናት» አልኳቸው።

«ከአሥራ አንድ ቀጥሎ አሥራ ሦስት ቢመጣ ማን ያውቃል?»

«እትዬ አሰለፈች።»

ዲኑ ትንሽ አሰቡና ወጡ።

ሥራው ሲያልቅ ማኅደሩን በሦስት ቅጂ አስቀመጥኩት። አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር፣ አንዱ በዲኑ ቢሮ፣ አንዱ መዳፍ በምታክል ሃርድ ዲስክ። ጠንቃቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሦስቱም የሚያድሩት በአንድ ግቢ ውስጥ መሆኑን ልብ ያልኩት ጦርነት ቀርቦ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከቆቦ በኩል መሰማት ሲጀምር ነው።

እትዬ አሰለፈች ዲስኩን በነጠላቸው ጠቅልለው አመጡልኝ። እሳቸው ቤታቸውን ትተው የትም እንደማይሄዱ ነገሩኝ። «የእኔ የሥራ ዘመን በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። እንዳይወድቅብህ።» ነጠላውን መልሰው ወሰዱ። ዲስኩን በሶ ውስጥ ቀበርኩትና በእግሬ ወደ መርሳ ወረድኩ።

የመርሳም ሰው ከተማውን እየለቀቀ ነበር። መንገድ ላይ ቦርሳ እየተፈተሸ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚወሰድ ሰማሁ። ስለዚህ ግራና ወደሚባለው ገጠር አቀናሁ፣ የሟች አባቴ ጓደኛ አባ ይመር ዘንድ። ስደርስ አባ ይመር ልጃቸውን አሊን ይዘው የጎተራቸውን ማሽላ ወደ ጉድጓድ መገልበጥ ገና ጀምረው ነበር። የዚያው የሀብሩ ወረዳ ሰው የእህል ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ውስጡ ጭድ ይነጠፋል፤ ሲሞላ በድንጋይ ተከድኖ በጭቃና በእበት ይመረጋል።

ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልዬ አፉን ቀድጄ ባሰፋሁት የዘይት ጀሪካን ከትቼ በሰም አሽጌ ሰጠኋቸው።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ኮሌጁ እስከዛሬ ያሳተመው ጽሑፍ በሙሉ ነው፣ አባ።»

በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት። «ኮሌጁ ትንሽ ነው እንዴ?» አሉ።

ጉድጓዱን ከደፈኑ በኋላ አፈር አለበሱት፤ በላዩም በሬዎቻቸውን አሰሩበት። የከብት በረት መሰለ። ስለ ጉድጓዱ ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ጎተራው ግን ባዶውን እንደ ቆመ ተዉት፣ ፈታሽ ሲመጣ እንዲታይ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወደ ወልድያ ተመለስኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር የለም። ከዲኑ ቢሮ ሶኬቱ ሳይቀር ተነቅሏል። ወረቀቶቹ እሳት ተያይዞባቸው ምግብ ተበስሎባቸዋል። እትዬ አሰለፈች መሬት ላይ ተንበርክከው በዚያ በቀለም ቡሩሽ አመድ ያራግፋሉ።

«ዲስኩስ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ደህና ነው።»

ወንበር ስላልነበረ መስኮቱ ላይ ተቀመጡ። ዲኑ ሲሰሙ ነገ ይዘህ ና አሉኝ።

ነገ ግን አልሆነም። ግራና ስደርስ አባ ይመር በደስታ ተቀብለው፣ አብልተው፣ ጉድጓዱን አልከፍትም አሉኝ። የእህል ጉድጓድ አንዴ ከተከፈተ አየር ገብቶ ነቀዝ ይይዘዋል፤ ያለው እህል በአንድ ጊዜ ማለቅ አለበት። እሳቸው ደግሞ ያስቀመጡት ለአሊ ሠርግ ነው።

«ሠርጉ መቼ ነው፣ አባ?»

«ቀን ሲቆረጥ።»

«ቀኑስ?»

«የልጅቱን አባት ጠይቃቸው።» ፈገግ አሉ። «አብሽር፤ ጽሑፍህ እንደሆነ አይነቅዝ።»

የልጅቱ አባት የውርጌሳው ሐጂ ሰይድ ናቸው። ጠያይቄ የደረስኩበት ይህን ነው። ሐጂ የአባ ይመር ጎተራ ባዶ መሆኑን ሰምተዋል። እህል ሳላይ ልጄን አልድርም ብለዋል። አባ ይመር ደግሞ ቀን ሳይቆረጥ ጉድጓድ እንዳላቸው እንኳ አይናገሩም፤ ጦርነቱ ሄደ እንጂ አልሞተም ባይ ናቸው። ሁለቱ ሽማግሎች እንዲህ ሲጠባበቁ አሊ ከሳ። እኔም ከሳሁ። ያ ጉድጓድ በጥድፊያ የተመረገ ነው፤ ክረምቱ ከቀደመን ውኃ ሊገባው ይችላል።

አባ ይመር ፈቅደውልኝ ነገሩን ለዲኑና ለእትዬ አሰለፈች ብቻ አስረዳሁ። ዲኑ፣ ለአባ ይመር ማኅተም ያለበት የመሥሪያ ቤት ጥያቄ እንጻፍላቸው አሉ።

«ማኅተም ጉድጓድ አይከፍትም» አሉ እትዬ አሰለፈች። «ሐጂ ዘንድ ሽማግሌ ይላክ እንጂ።»

«ማን ይሂድ?» ብለው ጠየቁ ዲኑ። እትዬ አሰለፈች ትኩር ብለው አዩአቸው።

አባ ይመር ስለ ጉድጓዱ እንዳይነሳ አስጠንቅቀው ፈቀዱ። አንድ ጎረቤታቸውንም ጨመሩልን። ዲኑ ክራባት አስረው መጡ። ሽማግሌ ተቀመጥ ሳይባል አይቀመጥም፤ ዲኑ ሐጂ ቤት እንደ ገቡ ተቀመጡ፣ ጎረቤትየው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ መልሰው ብድግ አሉ። ሐጂ ይህን ሁሉ በጥሞና ተመለከቱ።

ዲኑ አይተውት የማያውቁትን አሊን ማወደስ ጀመሩ። ትሑት፣ ታታሪ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው አሉ።

«አሊ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም» አሉ ሐጂ።

«ቢገባ ኖሮ» አሉ ዲኑ፣ «ጎበዝ ይሆን ነበር።»

ጎረቤትየው ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ሐጂ ጺማቸውን እያሻሹ፣ የወልድያ ዲን ለግራና ገበሬ ልጅ የሚለምነው ምን አግብቶት እንደሆነ ጠየቁ። ዲኑ በክራባታቸው ጫፍ ላባቸውን ጠረጉ።

«ሐጂ፣ ሌላ ውሸት የለኝም» አሉ። «የኮሌጃችን ጽሑፍ ሁሉ አባ ይመር ዘንድ ነው። እርስዎ ቀን ካልቆረጡ አይሰጡንም። የት እንዳለ እንዳልነግርዎ ቃል ገብቻለሁ።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ዝምተኛው፣ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ሞልቶ ነበር?»

«ምያለሁ፣ ሐጂ። አልናገርም።»

ከዚያ ሳቁ። ረጅም ሳቅ ነበር። «ዲን ያህል ሰው ክራባት አስሮ ለማያውቀው ጎረምሳ ሚስት የሚለምነው፣ ከሥር እህል ቢኖር ነው። ለባዶ ጉድጓድ ማንም አይምልም። ተቀመጡ።»

ጉድጓድ የሚል ቃል ከእኛ ከአንዳችንም አልወጣም ነበር። ቀኑ ግን ከክረምቱ በፊት ተቆረጠ።

ጉድጓዱ ሲከፈት እትዬ አሰለፈችም ተገኙ። የታመቀው አየር ሰው ይገድላልና አባ ይመር ኩራዝ በገመድ አወረዱ። ጠፋ። ጠበቅን። ደግመው አወረዱ፤ ጠፋ። ዲኑ ሙቀት ነው እንጂ ምን አለው ብለው ሊገቡ ሲሉ እትዬ አሰለፈች በኮታቸው ያዟቸው። በመጨረሻ ኩራዙ ሳይጠፋ ቆየ፤ አሊ ገባ።

ጀሪካኑ ከላይ አልተገኘም። አባ ይመር ከላይ ያለ ቀድሞ ይዘረፋል ብለው እኔ ሳላይ ከወለሉ አድርገውታል። እህሉ እስኪያልቅ ዲኑ ሳይቀሩ በቁና ማሽላ ተቀባበልን። ሰሙ ሳይነካ ወጣ።

ወደ መርሳ፣ ወደ ድሮው ፎቶኮፒ ቤቴ ሄድን፤ ለመክፈት የቀረበው ኮምፒውተር እሱ ነበር። ዲስኩ የጉድጓድ ማሽላ ይሸታል። ሰካሁት። እትዬ አሰለፈች መነጽራቸውን አደረጉና ሌላ ሳይሉ «ገጽ አሥራ ሁለትን አሳየኝ» አሉ።

ጎፈሬው፣ ኮቱ፣ ዶሮዋ፣ ግጥሙ፣ ሁሉም አለ። እትዬ አሰለፈች ስክሪኑን በጣታቸው ጫፍ ነኩት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ዲኑ ለረጅም ጊዜ ፎቶውን አዩ።

«መልካም ዶሮ ነበረች» አሉ። እንዲጠፋ ዳግመኛ አልጠየቁም። በሠርጉ ላይ ራሳቸው ግጥሙን አነበቡት፤ ሐጂ ሰይድ ድገሙት አሏቸው።

በዚያው ክረምት ማብቂያ የመሣሪያው ድምፅ ከቆቦ በኩል እንደገና ተሰማ። ያኔ አንድ ቅጂ ደሴ፣ አንድ አዲስ አበባ ነበረ። ሦስተኛውን ይዤ አባ ይመር ዘንድ ሄድኩ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ያላገባ ልጅ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። የለኝም አሉ። ሰጠኋቸው።

በዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ቅጂዎቻችሁን በአንድ ግቢ አታሳድሩ። አደራ ስትሰጡም የት እንደሚቀመጥ ብቻ ሳይሆን ምን ሲሆን እንደሚከፈት ጠይቁ።