የእናቴ ተራ

ባለፈው እሑድ ደሴ በምሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ወለሉ ላይ ውሃው ገና ያልደረቀ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ነበርና፣ ጫማዬን አውልቄ ስገባ የእርጥቡ ሣር ሽታ ሐይቅ ዳር ያደግሁበት መንደር፣ ሰንበቴ ቤታችን ድረስ ይዞኝ ሄደ።

ሰንበቴ ቤታችን ዙሪያዋን የጭቃ መደብ የተሠራላት ክብ ጎጆ ነበረች። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ባለተራው ዳቦና ጠላውን ያቀርባል፣ የነፍስ አባታችን ቄስ ሞላም ባርከው ይቆርሳሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ ጸሎቱ እየረዘመብን፣ ዓይናችንን ዳቦው ላይ ተክለን፣ የመጨረሻዋን «አሜን» ከአዋቂዎቹ ቀድመን እንላት ነበር። እናቴ የምትቀመጠው ከበሩ በስተግራ፣ ከእትዬ ደብሬ ጎን ነው።

ታላቅ ወንድሜ አያሌው ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሐይቁ ላይ ሞተ። በሦስተኛው ቀን አስከሬኑ ተገኝቶ ከተቀበረ ወዲህ እናቴ ደወል በሰማች ቁጥር በሩን ትዘጋ ጀመር። ለምን ቀረሽ ላሏት ሁሉ፣ ልጄን ሰጥቶ ከነሣኝ ጋር ምን ያነጋግረኛል ብላ ትመልስ ነበር።

ቄስ ሞላ አልተቆጧትም። እየመጡ ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ቁጭ ይሉና፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ጠይቀዋት፣ ከፈቀደች ጸልየው፣ ካልፈቀደችም ዝም ብለው ይመለሱ ነበር። እትዬ ደብሬም በየሰንበቱ የእናቴን ድርሻ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣለች። እናቴ አትቀምሰውም፤ የምበላው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ በሞተበት ዓመት ዳቦ መጥገቤ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዓመት ሊሞላ ሲል የእናቴ የሰንበቴ ተራ ደረሰ። ማኅበሩ ይዘላት ይሆናል ብለን ስናስብ እትዬ ደብሬ መጥታ ተራዋን አስታወሰቻት። እናቴ አቅሙም ልቡም እንደሌላት ነገረቻት።

«ገብሱንም ጌሾውንም ከየቤታችን እናመጣለን» አለች እትዬ ደብሬ። «መጥመቁ ግን ያንቺ ነው። ካንቺ እጅ ካልሆነ ያን እሑድ ሳንጠጣ እንውላለን።»

በማግስቱ እህሉ ተሰበሰበ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባም የዳቦውን ዱቄት ተሸክማ መጣችና፣ አላህ ያጽናሽ ብላት ሄደች። እናቴ የመጣላትን ሁሉ ፊቷ አስቀምጣ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ተነሥታ፣ ለወራት ተደፍቶ የከረመውን ጋን ታጥብ ጀመር።

እሑድ ሰንበቴ ቤት ስንገባ ሁሉም ብድግ አሉ። ከእትዬ ደብሬ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ለካ ዓመቱን ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም። ቄስ ሞላ ዳቦውን ከባረኩ በኋላ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ መጸለይ ያቃተሽ ጊዜ እኛ ባንቺ ፈንታ ስንጸልይ ነበር። እኛን ሲያቅተን ደግሞ አንቺ ትጸልዪልናለሽ።»

እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት አለቀሰች። ኀዘኗ ለቀቃት አልልም፤ እስክትሞት ድረስ ወደ ሐይቁ ፊቷን አዙራ አልተቀመጠችም። ግን ከዚያ በኋላ ሰንበት አልቀረችም፤ እትዬ ደብሬ አልጋ የያዘች ጊዜም ድርሻዋን በየሳምንቱ የወሰደችላት እናቴ ናት።

ዛሬ የማስቀድስበት ሕንፃ ሰፊ ነው፤ የድምፅ ማጉያው መንገድ ማዶ ይሰማል፣ ሕዝቡም ከግቢው ተርፎ ደጅ ይቆማል። ዘወትር በቀኜ በኩል ዓምዱን ተደግፋ የምታስቀድስ አንዲት ሴት ነበረች። ከጾም ወዲህ አላየኋትም። ባለፈው እሑድ አስተናጋጆቹን ብጠይቅ፣ ማንን እንደምል አልገባቸውም፤ እኔም መልኳንና ነጠላዋን ከመግለጽ በቀር የምነግራቸው አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን፣ ቅዳሴው ለሰላምታ ባዘዘን ቁጥር እጅ ስንነሣሣ ኖረናል። ስሟን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።